ፐትኒና የጊዮርጊስ ኮረብታ፦ ርስት የማን ነው ብለው የተሟገቱበት ቦታ

ለንደን ስኖር 11 ዓመቴ ነው፣ በፐትኒ ድልድይ ላይ በባስ ስንቴ እንዳለፍኩ አላውቅም፣ ግን ወንዙ ዳር ድልድዩ ጥግ ያለችው ቤተክርስቲያን ውስጥ ምን እንደተባለ የሰማሁት በቅርብ ነው። ነገሩን ያመጡት አጎቴ ናቸው። ጋሼ በኛ አቆጣጠር በየካቲት 1957 "መሬት ላራሹ" እያሉ ፓርላማ ድረስ ከሄዱት ተማሪዎች አንዱ ነበሩ፣ አባታቸው ማለትም አያቴ ደግሞ ጭሰኛ ስለነበሩ ለሳቸው መፈክር ብቻ አልነበረም። ስልክ ላይ ስናወራ "እኛ የተጨቃጨቅንበትን እኮ እዛ ያለሽበት አገር ሰዎች ከ300 ዓመት በፊት ተጨቃጭቀውበታል፣ እስቲ ሄደሽ እዪልኝ" አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ፐትኒ ብሪጅ ባቡር ጣቢያ ወርጄ ድልድዩን በእግሬ ተሻገርኩ። ቤተክርስቲያኗ ቅድስት ማርያም ነው የምትባለው። ማማዋ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ቀሪው በ1836 እንደገና የተሰራ ነው፣ በ1973 ደግሞ እሳት በልቷት ታድሳለች። (ቀኑንም ዓመቱንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የኛውን ሲሆን እናገራለሁ።) ውስጥ ካፌ አለ፣ ሰው ልጆቹን ይዞ ኬክ ይበላል። ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል፣ በኛ ቋንቋ ሲመጣ "በእንግሊዝ አገር ያለው የመጨረሻው ድሃም እንደ ትልቁ ሰው የሚኖረው ሕይወት አለው" እንደማለት ነው። እሱን አንብቤ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ፣ ብዙ ቆየሁ።

የተናገረው ኮሎኔል ቶማስ ሬይንስቦሮ ነው፣ ጥቅምት 29 ቀን 1647። ሁኔታው እንዲህ ነው፣ የፓርላማው ጦር በእርስ በርስ ጦርነት ንጉሥ ቻርልስን አሸንፏል፣ ወታደሩ ግን የወራት ደሞዝ አልተከፈለውም፣ አገሪቱ ከንግዲህ በምን ትተዳደር የሚለውም አልተቆረጠም፣ እና ወታደሮቹ ከየክፍሉ ተወካይ መርጠው ከመኮንኖቹ ጋር እዚች ቤተክርስቲያን ውስጥ ተቀመጡ። ሰብሳቢው የጦሩ ምክትል አዛዥ ክሮምዌል ነበር፣ ዋናው አዛዥ ፌርፋክስ ስለታመመ። ከፊታቸው ያለው ወረቀት የሌቨለርስ የሚባሉት ሰዎች ሐሳብ ነው፣ ሌቨለርስ ማለት "እኩል አድራጊዎች" እንደማለት ነው፣ ጠላቶቻቸው ለስድብ ያወጡላቸው ስም ነው። በሁለተኛው ቀን ማን ይምረጥ የሚለው ጋ ሲደርሱ ነገሩ ተጋጋለ።

እዚህ ጋ ያስገረመኝ የክሮምዌል አማች ሄንሪ አይርተን ነው። እሱ በዓመት 40 ሽልንግ የሚያስገባ ርስት ያለው ብቻ ይምረጥ የሚለው ወገን ነው፣ ስለዚ ሳላነበው በፊት ጨቋኝ ነው ብዬ ዘግቼበት ነበር። ግን ክርክሩን ስታነቡት የሚጠይቀው ጥያቄ ከባድ ነው፦ ሰው ስለተወለደ ብቻ የመምረጥ መብት አለው ካላችሁ፣ በዛው መብት የሚበላውን የሚጠጣውን መሬቱንም ጭምር የኔ ነው ቢልስ በምን ትከለክሉታላችሁ? ምንም የሌለው ሕዝብ ብዙ ነው፣ ድምፅ ካገኘ ርስትን በሕግ ቢያጠፋውስ? ሬይንስቦሮ የመለሰው አትስረቅ የሚል የእግዚአብሔር ሕግ አለ፣ ስርዓት አልበኛ አታድርጉን ብሎ ነው። ለኔ ግን ይሄ መልስ አይደለም። አትስረቅ የሚለው ሕግ መጀመሪያውኑ ማን ከማን እንደወሰደ አይናገርም።

ከወታደሮቹ ወገን ሴክስቢ የሚባለው ተነስቶ እኛ ርስት ባይኖረንም በውልደታችን ያለንን መብት ብለን ነው ሕይወታችንን የሰጠነው፣ መብት ከሌለን ተቀጥሮ የሚዋጋ ወታደር ብቻ ነበርን ማለት ነው አለ። እዚህ ጋ እንባዬ መጣ፣ የአያቴን ፊት ነው ያየሁት። ይሄ ሁሉ ደግሞ የታወቀው ዊሊያም ክላርክ የሚባል ጸሐፊ እየሰማ በአጭር ጽሕፈት ስለያዘው ነው፣ ማስታወሻው ኦክስፎርድ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ተቀምጦ እስከ 1890 ድረስ ማንም ልብ አላለውም። ሴቶች ይምረጡ ያለ ግን በዛ ክርክር አንድም ሰው የለም፣ በ1649 የሌቨለርስ ሴቶች ራሳቸው አቤቱታ ይዘው ፓርላማ ሲሄዱ ወደ ቤታችሁ ሂዱና የቤታችሁን ስራ ስሩ ተባሉ።

ሌቨለርሶቹ የአይርተን ክስ ስላስፈራቸው ይመስለኛል፣ በግንቦት 1649 መሪዎቻቸው እነ ሊልበርን ታስረው ከለንደን ግንብ ባወጡት ጽሑፍ ፓርላማ የማንንም ሀብት እኩል ማድረግ ወይም የጋራ ማድረግ አይችልም ብለው በግልጽ ጻፉ። ድምፅ እንጂ መሬት አንጠይቅም ማለት ነው።

ከሰዓት ክላፋም ጀንክሽን ባቡር ቀይሬ ዌይብሪጅ ሄድኩ፣ ምክንያቱም የአይርተንን ጥያቄ ሳይፈራ "አዎ" ብሎ የመለሰው ሰው ያለው እዛ ነው። ጄራርድ ዊንስታንሊ ለንደን ጨርቅ ነጋዴ ነበር፣ በጦርነቱ ጊዜ ከሰረና ኮብሃም የሚባል ገጠር ገብቶ የሰው ከብት ይጠብቅ ነበር። ያን ሰሞን ምርት በተከታታይ ተበላሽቶ እህል ተወዷል። ሚያዝያ 1 ቀን 1649 እሱና ጥቂት ድሆች የቅዱስ ጊዮርጊስ ኮረብታ የሚባለው የወል መሬት ላይ ወጥተው መቆፈር ጀመሩ፣ ካሮትና ባቄላ ዘሩ። ዲገርስ ማለትም ቆፋሪዎች ተባሉ፣ ራሳቸውን ግን እውነተኞቹ ሌቨለርስ እኛ ነን ነው ያሉት። ምድር ለሁሉ የጋራ ግምጃ ቤት ሆና ነው የተፈጠረችው፣ መሬቱ በጥቂት ሰው እጅ የገባው የኖርማንዲው ዊሊያም በ1066 እንግሊዝን በጦር አሸንፎ ለጦር አለቆቹ ስላከፋፈለው ነው፣ ንጉሡ ከተሸነፈ ያ ድልድልም አብሮ መውደቅ አለበት ይላሉ። ጉልት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ የኛ ሰው ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሌላው ደግሞ ቅጥርን እምቢ ማለታቸው ነው፣ ለደሞዝ ሰው አትቅጠሩ፣ እናንተም አትቀጠሩ ይላሉ። የኛው የየካቲት 25 ቀን 1967 አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ብሎ ሲደነግግ ተቀጣሪ ሠራተኛን መከልከሉ ትዝ አለኝ፣ ግን ዊንስታንሊ ሰዎቹ በፈቃዳቸው እንዲመጡ ነው የፈለገው፣ ካልመጡ አያስገድድም፣ ጎራዴም አያነሳም። ጋሼ ሁሌ የሚቆጩት እዚህ ጋ ነው፣ መሬት ላራሹ ብለው ወጥተው መሬት የመንግሥት ሆነ፣ ከዛ ደግሞ አብረው የወጡት ልጆች እርስ በርስ ተላለቁ።

ኮረብታው ዛሬ የሀብታሞች መኖሪያ ሆኗል። ከ900 ኤከር በላይ ነው፣ ጌት አለው ካሜራ አለው፣ ውስጡ ጎልፍ ሜዳና ቴኒስ ክለብ፣ ቤቶቹ በሚሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ ነው የሚሸጡት። አልገባሁም፣ ጌቱ ፊት ለፊት ቆሜ ዛፎቹን አየሁ፣ ተናድጄ ነው የተመለስኩት። የዊንስታንሊ መታሰቢያ ድንጋይ በ1999 የተሰራ ነው፣ አሁን ያለው ባቡር ጣቢያው አካባቢ መንገድ ዳር ነው፣ አካፋ የያዘ ሰው ተቀርጾበታል፣ እጄን አስደገፍኩበትና ፎቶ አነሳሁ።

በርፎርድ የምትባል ትንሽ ከተማ የሄድኩት በሌላ ሳምንት ነው፣ ከኦክስፎርድ በባስ። በግንቦት 1649 የሌቨለርስን ሐሳብ ይዘው ያመፁትን ወታደሮች ክሮምዌል እዛ ቤተክርስቲያን ውስጥ ቆልፎባቸው ሦስቱን ግድግዳው ጋ አስረሸናቸው። ከታሰሩት አንዱ የጥምቀት ገንዳው ላይ ስሙን ቆርጦ "አንቶኒ ሴድሊ 1649 እስረኛ" ብሎ ጽፏል፣ ፊደሉ የተንጋደደ ነው፣ በጣት ይዳሰሳል። ሬይንስቦሮ በዚህ ጊዜ ከሞተ ቆይቷል፣ ከፐትኒው ክርክር ልክ በዓመቱ ዶንካስተር ላይ ተገደለ።

ማታ ለጋሼ ደውዬ ፎቶዎቹን ላኩላቸው። ስለ ሬይንስቦሮ ስለ አይርተን ብዙ ነገር አወራኋቸው፣ ዝም ብለው ሰሙኝና "ቆይ፣ እነዛ ቆፋሪዎቹ የዘሩት በቅሎላቸው ነበር?" አሉኝ። በቅሎ ነበር ጋሼ አልኳቸው፣ ግን የአካባቢው ባለርስቶች ሰው እያመጡ ሰብሉን አስረገጡት፣ መሣሪያቸውን ሰበሩባቸው፣ ከኮረብታው ወደ ኮብሃም ሄደው እንደገና ዘሩ፣ በሚያዝያ 1650 ቤታቸውን አቃጠሉባቸው። ጋሼ ትንሽ ቆይተው "እንደገና ዘሩ አልሽኝ?" አሉ። አዎ አልኳቸው።