ከዘጌ ስንመለስ

ዛሬ የጀልባችን ሞተር ጉድ ሠራችኝ። እንግዶች ይዘን ከዘጌ ስንመለስ፣ ባህር ዳር ከሩቅ እየታየን፣ ነዳጅ ስሰጣት እህ እህ ብላ ጠፋች። አስነሳኋት። ቀስ ብላ ትሄዳለች፤ ስጨምርላት ግን ያው ነው።

ረዳቴ «ጋሼ፣ ካንዴላ ነው» አለ፤ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ማለቱ ነው። እሱ ዘንድ ሁሉም ነገር ካንዴላ ነው። የነዳጁ ቱቦ ላይ ያለችውን የጎማ ፓምፕ በእጁ እንዲጨምቅ ነገርኩት። ሲጨምቅ ሞተሯ ታገሳለች፣ ሲተው ትሞታለች። በቃ፣ የነዳጅ ፓምፑ ነው! እስከ ወደቡ ድረስ እጁን እየቀያየረ ሲጨምቅ ደረስን።

ማታ ፈታሁት። ውስጡ ያለችው ስስ ዲያፍራም፣ ነዳጁን የምትገፋው ሽፋን፣ የምትርገበገበው ከክራንኩ ክፍል (ከፒስተኑ ሥር ካለው) በሚመጣ ግፊት ነው። የኛዋ ደርቃለች። ወደ አምፖሉ ባነሳት ጠርዟ ላይ ባለው ስንጥቅ ብርሃን ሾልኮ ታየኝ።

ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቅለውን ፓምፕማ ድሮ ነው የነቀልነው። የማስጠንቀቂያ ድምፁ ሞቶ ስለነበር፣ ቢበላሽ የምናውቀው ፒስተኑ ዘይት አጥቶ ሲጣበቅ ነው። አሁን ራሳችን እንቀላቅላለን፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት (ቱ ስትሮክ) ሞተር ዘይት። «ለጥንቃቄ» እያለ ዘይት የሚያበዛም አለ፤ ትርፉ ጭስና የጠቆረ ካንዴላ ነው።

አዲስ ዲያፍራም ገብቶላታል። ነገ በጠዋት ያለ እንግዳ እሞክራታለሁ። ረዳቴ ግን አላመነኝም መሰለኝ፣ ካንዴላ ገዝቶ ኪሱ ከቷል።