48 ሰዓቱና የነዳጁ በጀት

ወረዳ ገንዘብ ጽ/ቤት በጀት ላይ ስሰራ ከሁሉም ሴክተር በላይ የሚያሳስበኝ የፖሊስ በጀት ነበር፣ አሁንም ያሳስበኛል። ጤናና ትምህርት ብር ሲያጥራቸው ይናገራሉ፣ የሚያግዛቸው ድርጅትም አያጡም፣ ፖሊስ ግን ሲያጥረው ወይ ዝም ይላል ወይ ደግሞ አቤት ሊል የመጣውን ሰው "መኪና ፈልግና እንሂድ" ይለዋል። ለዚህ ነው ዛሬ በተለይ ለጣቢያና ለወረዳ ፖሊስ አዛዦች እቅድና በጀትን ስለማገናኘት ይሄን የምጽፈው።

እቅድ የማያወጣ አዛዥ እኮ የለም። ቢፒአሩም ቢኤስሲውም (የመንግስት መስሪያ ቤቶች የአሰራርና የምዘና ለውጦች) አልፏል፣ ራእይና ተልእኮ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ እቅዱ "ወንጀልን በዚህን ያህል ፐርሰንት መቀነስ" ይላል፣ በጀቱ ደግሞ ያምናው ላይ ትንሽ ተጨምሮበት ለብቻው ይላካል። እቅዱን የሚያወጣውና የበጀት ፎርሙን የሚሞላው ሰው አንድ ቀን እንኳን አብረው ሳይቀመጡ አመቱ ያልቃል። ፌደራል ላይ ከ2004 ጀምሮ የፕሮግራም በጀት ነው የሚሰራው፣ ማለትም ብሩን ከስራው ጋር አያይዘህ ነው የምትጠይቀው፣ ወረዳ ላይ ግን ደሞዙ አብዛኛውን ይወስድና የተረፈችው ለስራ ማስኬጃ በየመደቡ (ነዳጅ፣ አበል፣ ጥገና በሚለው የወጪ አይነት) ትበተናለች።

እስቲ አንድ ነገር ብቻ እንይ። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል፣ ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ምክንያታዊ ጊዜ ሳይቆጠር ማለት ነው። ብዙ አዛዥ ይሄን የህግ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ነው የሚያየው፣ እኔ ግን በጀት ላይ ስለነበርኩ የናፍጣ ጉዳይም ሆኖ ነው የሚታየኝ። እንበል ጣቢያው ከፍርድ ቤቱ 40 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ደርሶ መልስ 80፣ ፒክአፗ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ብትሄድ 8 ሊትር ነው። 2014 ሰኔ መጨረሻ ላይ ናፍጣ አዲስ አበባ 49.02 ብር ሲገባ ይቺ አንድ ጉዞ 392 ብር ነበረች፣ 2017 ታህሳስ መጨረሻ ላይ 98.98 ሲሆን ያቺው ጉዞ 792 ብር ገባች። ጣቢያው አንድም ስራ ሳይጨምር ወጪው እጥፍ ሆነ ማለት ነው፣ ያምናው ላይ አስር ፐርሰንት ጨምሮ የጠየቀ አዛዥ ደግሞ አመቱ ሳያልቅ ነዳጁን ይጨርሳል። ከዛ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፣ ተጠርጣሪው መኪና እስኪገኝ ይቆያል፣ ቤተሰቡ በር ላይ ምሳ ይዞ ይመላለሳል፣ 48 ሰዓቱም ያልፋል። የሰው መብት በአንድ የሂሳብ መደብ ምክንያት ሲጣስ በጣም ያመኛል።

በዛ ላይ ጉዞው አንድ ጊዜ አይደለም። በወንጀለኛ መቅጫ ስነ ስርአት ህጉ ጊዜ ቀጠሮ (ፖሊስ ምርመራውን እንዲጨርስ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ጊዜ) በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም፣ ስለዚህ ምርመራው በዘገየ ቁጥር ያው ሰው እንደገና ይጫናል፣ አጃቢም አብሮት ይሄዳል። ሶስት ጊዜ የተቀጠረ መዝገብ፣ የመጀመሪያውን ቀን ጨምሮ አራት ጉዞ ነው። መርማሪው ምስክሮቹን በመጀመሪያው ቀጠሮ ቢጨርስ ግማሹ ጉዞ ይቀራል፣ እቅድ የምለው ይሄንን ነው፣ ምርመራ ላይ ጥሩ ሰው መመደብ ነዳጅ ይቆጥባል።

መረጃው ደግሞ እጃችሁ ላይ ነው። የእለት ሁኔታ መዝገብ አለ፣ የጊዜ ቀጠሮ መዝገብ አለ፣ የመኪናው ኪሎ ሜትር የሚመዘገብበትም አለ። አምና ስንት ሰው ፍርድ ቤት ቀረበ፣ በስንት ጉዞ፣ ስንት ጊዜ ወንጀል ቦታ ተሄደ፣ ይሄን በየወሩ አውጡትና በኪሎ ሜትር አባዙት። አንድ የፖሊስ አዛዥ እንደዚህ በአንድ ወረቀት ሰርቶ የበጀት ውይይት ላይ ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ፣ እውነቴን ነው ማንም ሊቀንስበት አልቻለም፣ ምክንያቱም ነዳጁን የሚቀንስ ሰው የትኞቹ ተጠርጣሪዎች ፍርድ ቤት እንደማይቀርቡ መናገር ሊኖርበት ነው።

ሌላው፣ ብሩን ለ12 እኩል አታካፍሉት። መስከረም ላይ መስቀል አለ፣ ጥር ላይ ጥምቀት አለ፣ የውሎ አበልና የነዳጅ ወጪው ያኔ ነው የሚወጣው። ክረምት ላይ ደግሞ መንገዱ ይበላሻል፣ ጎማና ጥገና ይበላል። የጥሬ ገንዘብ ፍላጎት እቅዳችሁን (በየወሩ ስንት ብር እንደምትፈልጉ የሚያሳየውን) በዚህ መሰረት ካላስገባችሁ ብሩ መደቡ ላይ እያለ በወሩ ላይወጣ ይችላል።

ሰኔ ላይ ስለሚደረገው ሩጫም ልናገር። በጀት አመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ያልተሰራበት ብር ተመላሽ ነው፣ ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሁሉም ወደ ግዢ ይሮጣል፣ ወንበርና ቶነር ይገዛል፣ ፓትሮሏ ግን ጎማ የላትም። የካቲት ላይ የስድስት ወሩን አፈጻጸም ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ የማትጠቀሙበትን መደብ ለዩና ያኔውኑ የበጀት ዝውውር ጠይቁ፣ ሰኔ ላይ የሚመጣ የዝውውር ደብዳቤ ማንም አያነበውም። ከካፒታል በጀት (ለግንባታና ለመሳሰለው ከሚያዘው) ወደ መደበኛ (ለደሞዝና ለስራ ማስኬጃ ወደሚያዘው) ማዛወር ግን በፌደራሉ የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ (648/2001) አይፈቀድም፣ ስለዚህ "ጣቢያ ግንባታ" ብላችሁ ያስያዛችሁት ነዳጅ ይሆነናል ብላችሁ አትጠብቁ።

መኪና ስትጠይቁም አስቡበት። ሁሉም ላንድክሩዘር ነው የሚጠይቀው፣ ግን አንድ መኪና ተገዝቶ ነዳጁና ጥገናው በመደበኛ በጀት ካልተያዘለት ሁለተኛ አመቱ ላይ ግቢ ውስጥ ይቆማል። ከተማ ቀመስ ቀበሌ ላይ ለማህበረሰብ አቀፍ ስራ ሞተር ሳይክል ይበቃል፣ መኪናዋን ለፍርድ ቤትና ለሩቅ ቦታ ማድረግ ይሻላል። ጥያቄውን ስታቀርቡ ከመግዣው ዋጋ ስር የሶስት አመት ነዳጅ፣ ጎማና ጥገና ምን ያህል እንደሚሆን ጻፉበት፣ ምክር ቤቱ ሲያጸድቅም አብሮ ያጽድቀው።