ጅማ ላይ ኬሞ ስወስድ ስሜቴን የያዝኩበት መንገድ

ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ላይ ያለ ሰው ሆዱ የሚባባው፣ የሚነጫነጨው፣ እንቅልፍ የሚያጣው እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። አብዛኛው ቀን አለው። እኔ ፍርሃቱን መያዝ የቻልኩት ቀኑን ሳውቅ ነው፤ ስለዚህ ለጀማሪ መጀመሪያ የምለው አንድ የተማሪ ደብተር ግዙ ነው።

መድኃኒቱ በየ21 ቀኑ የሚሰጥ ከሆነ (ለጡት ካንሰር የሚታዘዙት ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው) ለአንድ ዙር አንድ ገጽ፣ 21 መስመር። ማታ ማታ አራት ነገር ብቻ፦ ስሜት ከ0 እስከ 10፣ ስንት ሰዓት እንደተተኛ፣ ማቅለሽለሽ፣ የሰውነት ሙቀት። ከዚህ ከበዛ የደከመ ሰው ይተወዋል። ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ ሁለቱን ገጽ አስተያዩ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማስመለስ እንዳይመጣ የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን ሰውን ያነቃል፤ ያስለፈልፋል፣ ያናድዳል፣ ሌሊቱን ዓይን ያስፈጥጣል። ሲቋረጥ፣ ብዙ ጊዜ በ4ኛውና በ5ኛው ቀን፣ ጉልበትም ስሜትም አብረው ይወርዳሉ። «በቃኝ፣ ይቅርብኝ» የሚባለው በእነዚህ ቀናት ነው። እኔ በ4ኛና በ5ኛ ቀን ስለ ሕክምናው ምንም አልወስንም፤ ቤተሰቡም ይህን ያውቃል። የዴክሳሜታሶኑን ክኒን ጠዋት ከምግብ ጋር መውሰድ እንቅልፍን ይታደጋል። የማታም ከታዘዘ ወደ ቀትር መምጣት ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ በራሳችሁ ግን አትቀይሩ። ዶክሶሩቢሲን ቀይ ስለሆነ ሽንትን ለአንድ ሁለት ቀን ያቀላል፤ ደም መስሎት የሚደነግጥ እንዳይኖር ለቤት ሰው አስቀድማችሁ ንገሩ።

የቡናው ነገር ለጅማ ሰው ከባድ ነው። አእምሮ ሽታንና ማቅለሽለሽን ቶሎ ያገናኛል፤ ጥቂት ዙር ካለፈ በኋላ ገና የሆስፒታሉ በር ላይ ሆድ መገላበጥ የሚጀምረው ለዚህ ነው። መከላከያው ከመጀመሪያው ዙር ይጀምራል፦ የማስመለስ መከላከያ መድኃኒቱን ማቅለሽለሽ እስኪመጣ ሳትጠብቁ በታዘዘው ሰዓት ዋጡ፤ ኬሞ በምትወስዱበት ቀን የምትወዱትን ምግብ አትብሉ፤ ቡናም አትጠጡ። በዚያ ቀን የተጠጣ ቡና ለወራት ሊያስጠላ ይችላል፤ ቡና የጠላ ሰው ደግሞ ጎረቤቱንም ያጣል። እኔ ቡናው ከቤት ራቅ ብሎ እንዲቆላ፣ እጣኑም እንዲቀር አደርጋለሁ፤ የመቁላቱ ጭስ ሲወጣ፣ አቦል ሊቀዳ ሲል፣ መስኮት አጠገብ እቀመጣለሁ። ባልጠጣም ጨዋታው አያመልጠኝም። የተላጠ ሎሚ ልጣጭ በመሃረብ ይዞ ማሽተትም ይረዳል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ከዋዜማው ጀምሮ የሚያስመልሳችሁ ከሆነ ለሐኪሞቹ ንገሯቸው፤ ለዋዜማው ሌሊት የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል።

ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን አካባቢ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ይወርዳል። ጥሬ ሥጋ አይበላም፣ ሰው ከበዛበት ቦታ ይራቃል፤ ብቸኝነቱም የሚጠናው ያኔ ነው። ጠያቂን ግን አልከለክልም። ሰው በረንዳ ላይ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሁለት ሁለት እየሆነ ይገባል፤ ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቃል። ስልኩንም ጠያቂውንም የሚያስተናግድ አንድ የቤት ሰው መመደብ ትልቅ ዕረፍት ነው። «እገሌም በዚሁ ሞተ» ብሎ የሚጀምር አይጠፋም። እኔ የምለው አጭር ነው፦ «ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ፤ የሞተ ሰው ወሬ ግን ዛሬ አናውራ።» ማገዝ የሚፈልግ ሰው ሥራ ሲሰጠው ደስ ይለዋል፦ እንጀራ ጋግሮ ማምጣት፣ ልጆችን ከትምህርት ቤት መመለስ። ጸሎቱም ዱዓውም ይቀጥል፤ መድኃኒቱን አቁሙ የሚል ምክር ግን ከማንም ይምጣ አይሰማም። ዳማከሴም ሆነ ሌላ ቅጠል ከመጠጣት በፊት ሐኪም ይጠየቅ፤ ጉበት ላይ ጫና የሚያደርግ አለና።

ከቀጣዩ ዙር በፊት ደም ይመረመራል፤ ነጭ የደም ሴሉ ካልደረሰ ቀጠሮው ብዙ ጊዜ በሳምንት ይገፋል። ከአጋሮ ወይም ከቦንጋ ተነስቶ፣ ልቡን አዘጋጅቶ ለመጣ ሰው ይህ ያንገበግባል። መዘግየቱ ደም የሚሠራው የአጥንት መቅኔ ገና አላገገመም ማለት እንጂ በሽታው ባሰ ማለት አይደለም። እኔ ሁልጊዜ ሁለት ቀን እጽፋለሁ፦ የቀጠሮውንና የሳምንት በኋላውን።

በዶክሶሩቢሲን ፀጉር የሚረግፈው ከመጀመሪያው ዙር ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት በሚወዱት ሰው እጅ ማሳጠር ትራስ ላይ እፍኝ ፀጉር ከማየት ይቀላል። እዚህ ሻሽም ሂጃብም የተለመደ ስለሆነ መንገድ ላይ ዓይን አይበዛም። ለልጆች ሦስት ነገር ይበቃል፦ በሽታው አይተላለፍም፣ በእናንተ ጥፋት አልመጣም፣ እኔ ስተኛ ምሳ የሚሰጣችሁ እገሌ ነው።

የሌሊት ፍርሃትን ከሁሉ ያቀለለልኝ የትኩሳት ዕቅድ ነው። ቴርሞሜትር ራስጌ፤ የታወቀ የባጃጅ ሾፌር ስልክ፤ የሕክምና ካርዱና ልብስ በአንድ ቦርሳ። 38 ዲግሪ ከደረሰ ፓራሲታሞል ውጦ እስኪነጋ መጠበቅ የለም፤ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ዕቅዱ ካለ አራት እየቆጠሩ አየር ወደ ውስጥ መሳብ፣ ስድስት እየቆጠሩ ማውጣት ለአሥር ደቂቃ ያህል ብዙውን ሌሊት ያስተኛል።

ሐዘኑ የዙሩን ቀን ትቶ ለሁለት ሳምንት አብዛኛውን ቀን ከቆየ፣ የሚያስደስት ነገር ሁሉ ከጠፋ፣ ያ ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናም አለው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላለው ወደዚያ እንዲልኳችሁ ጠይቁ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ከሰው ጋር ይኬዳል።

መጨረሻው ዙር ሲያልቅ ብዙዎች ደስታ ይጠብቃሉ፤ የሚመጣው ግን ፍርሃት ነው፤ በየሦስት ሳምንቱ የሚያያቸው ሐኪም ርቋልና። ከመውጣታችሁ በፊት የክትትሉን ቀን፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ የሚያስመጣችሁንም ነገር አጽፉ፦ አዲስ እብጠት፣ የማይለቅ የአጥንት ሕመም፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል።