ኮርቻ ለማይጫንበት ፈረስ

ፈረስ ለጊዜው የማይጋለብበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ጅማቱ ተጎድቶ፣ ጀርባው ተገጥቦ ወይም ሰኮናው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ፈረሱ ደህና ሆኖ ሳለ የታመመው ጋላቢው ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ባለፈረሶች ወይ ጋጣ ውስጥ አስረው ይተዉታል፣ ወይ በረጅም ገመድ ይዘው ዙሪያቸውን ያስሮጡታል። እኔ ሁለቱንም አላስቀድምም። ሐኪም ካልከለከለ በቀር ፈረሱን በአፍሳር ይዞ፣ በቀጥታ መስመርና ፈጠን ባለ እርምጃ ማስኬድ ይቀድማል ባይ ነኝ።

በገመድ ማዞር ቀላል የሚመስለው ለሰውየው እንጂ ለፈረሱ አይደለም። ፈረስ በክብ ሲዞር ሰውነቱ ወደ ውስጥ ስለሚያጋድል ጫናው በእግሮቹ ላይ እኩል አያርፍም፤ ክቡ በጠበበና ፍጥነቱ በጨመረ መጠን መገጣጠሚያዎቹ ይበልጥ ይጠመዘዛሉ። ማዞር ግድ ከሆነ የክቡ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 20 ሜትር ያህል ቢሆንና አቅጣጫው ቶሎ ቶሎ ቢቀያየር ይሻላል፤ ለታመመ እግር ግን ይህም ቢሆን ሐኪሙ ሳይፈቅድ የሚሞከር አይደለም።

የእኔ ፈረስ የፊት እግሩ ጅማት በተጎዳበት ወቅት ሐኪሙ የፈቀደው በእጅ ይዞ ማስኬድን ብቻ ነበር። ጅማት የሚደርሰው ደም አነስተኛ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይድናል፤ ከባድ ጉዳት ከ9 እስከ 12 ወር ሊፈጅ ይችላል። ቁስሉ የሚሽረው በጠባሳ ሲሆን፣ የተመጠነ እርምጃ አዲሶቹ የጅማት ክሮች ጅማቱ በሚሳብበት አቅጣጫ እንዲሰለፉ ያግዛል። ስለዚህ በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በሚሆን ጉዞ ተጀምሮ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ ቀስ በቀስ ይጨመራል። መሬቱም ደልዳላና ጠንከር ያለ መሆን አለበት፤ ጥልቅ አሸዋ ጅማትን ያደክማል።

ከመውጣታችን በፊት መዳፌን ከጉልበቱ በታች ጀምሬ በጅማቱ ላይ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አወርድና ከሌላኛው እግር ጋር አነጻጽራለሁ፤ ትናንት ያልነበረ ሙቀት ወይም እብጠት ካገኘሁ የዚያን ቀን ጉዞ ቀርቶ ለሐኪሙ እደውላለሁ። መንገድ ላይ ደግሞ ኮቴውን አዳምጣለሁ። በእርምጃ የሚሄድ ፈረስ አራት እኩል ምት ያሰማል፤ አንዱ ከሳሳ ወይም የታመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱ ወደ ላይ ከተነሳ እያነከሰ ነው።

ጋጣ ውስጥ የሰነበተ ፈረስ ሲወጣ መዝለል ያምረዋል፤ ይህም የዳነውን ጅማት ዳግም ሊበጥስ ይችላል። የሚሠራው ሥራ ሲቀንስ እህሉም አብሮ መቀነስ አለበት፤ ድርቆሽና ውኃ ግን አይጓደሉበት፤ የማይንቀሳቀስ ፈረስ አንጀቱ ስለሚዘገይ ለሆድ ድርቀትና ለቁርጠት ይጋለጣል። ያዡ ጓንትና የራስ መከላከያ ቢያደርግ፣ ገመዱንም ፈጽሞ እጁ ላይ ባይጠመጥም ይበጃል። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ በኩል ሆኖ መምራትም ፈረሱ ወደ አንድ ወገን ተጣሞ መሄድን እንዳይለምድ ያደርጋል።

ገጣባ ያለበት ፈረስ ነገሩ ሌላ ነው። እግሩ ጤነኛ ስለሆነ ዳገት ሊወጣ፣ በሌላ ፈረስ ጎን እየተሳበ ሶምሶማ ሊሮጥ ይችላል። እኔ ከሁሉ የምወደው ከኋላ ሆኖ በሁለት ረጃጅም ዛቦች መንዳትን ነው፤ ፈረሱ ፊት ለፊቱ ሰው ሳይኖር ራሱን ችሎ መሄድንና መታጠፍን ስለማይረሳ፣ ተመልሶ ሲጫን እንግዳ አይሆንም። ዛቡ የሚያልፍበት ቀበቶ ግን ቁስሉን መንካት የለበትም። ከ80 እስከ 90 ሴንቲሜትር እያራራቁ መሬት ላይ ያጋደሟቸውን እንጨቶች በእርምጃ ማሻገር ደግሞ እግሩን ከፍ አድርጎ እንዲያነሳ ስለሚያስገድደው የሆዱንና የጀርባውን ጡንቻ ያሠራል።

በሰኮናው ውስጥ ብግነት የያዘው ፈረስ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ እርምጃ ራሱ ሰኮናውን ከውስጡ አጥንት ሊያላቅቀው ስለሚችል ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ በወፍራም ጉዝጓዝ ላይ ያርፋል።

ፈቃዱ ሲገኝ መጀመሪያ የሚታየው ኮርቻው ነው። ወራት ሳይጋለብ የቆየ ፈረስ የጀርባ ጡንቻው ስለሚሟሽሽ ቀድሞ ልክ የነበረው ኮርቻ አሁን አከርካሪው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከመጫኑ በፊት ከሥሩ የሚነጠፈው ጨርቅ (ግላስ) ሳይኖር ጀርባው ላይ አስቀምጦ፣ በአከርካሪውና በኮርቻው መካከል ከፊት እስከ ኋላ ክፍተት መኖሩን በጣት መፈተሽ ያስፈልጋል።