ሳጥኑን ከማጽዳቴ በፊት

አሮጌ የጉዞ ሳጥን ቤቴ ሲገባ እጄን የሚበላኝ አንድ ነገር ነው፤ ጨርቅ አርሶ መወልወል። አቧራው ያስጠላል። ዝገቱ እጅ ያቆሽሻል። ክዳኑ ሲከፈት የሻጋታ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ቢሆንም አልነካውም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የእጅ ባትሪ፣ ማጉያ መነጽርና ደብተር ይዤ ዙሪያውን ሳየው ነው የማሳልፈው። ሰው ቆሻሻ ብሎ የሚጠርገው ነገር ብዙ ጊዜ ማስረጃ ነው። አንዴ ከተጠረገ ደግሞ አይመለስም።

ሰሞኑን የያዝኩት አሜሪካ ሠራሽ ነው። ክዳኑ ጠፍጣፋ፣ ገላው የጥድ ጣውላ፣ ልባሱ አበባ የታተመበት ቆርቆሮ ነው። በላዩ ጠንካራ የእንጨት ርብራቦች ተመትተውበታል። ጥግ ጥጉን ብረት ይዞታል። የሸጠልኝ ሰው “የ1870ዎቹ ነው” አለኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ሰውዬው ዝም ብሎ አልተናገረም። የቁልፉ ፊት ላይ ኢግል ሎክ የሚል ስም፣ ከሥሩ ደግሞ በ1870ዎቹ የተሰጠ የፈጠራ መብት ቀን ተቀርጿል። ኢግል ሎክ ኮኔቲከት ውስጥ ቴሪቪል በምትባል ከተማ የነበረ ትልቅ የቁልፍ ፋብሪካ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ በጣም ብዙ ሳጥኖች ላይ ቁልፉ ይገኛል።

ግን ቁልፍ ላይ ያለ ቀን ሳጥኑ የተሠራበት ቀን አይደለም። ፋብሪካው የፈጠራ መብቱን ካገኘ በኋላ ያንኑ ቁልፍ ያንኑ ቀን እየቀረጸ ለዓመታት ሊሸጠው ይችላል። ስለዚህ ቀኑ የሚነግረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ከዚያ በፊት አልተሠራም። ቁልፉ በኋላ የተተካ ከሆነ ደግሞ እሱንም አይነግረኝም። ለዚህ ነው መጀመሪያ በቁልፉ ዙሪያ ትርፍ የምስማር ቀዳዳ ወይም የሌላ ቁልፍ ጥላ መኖር አለመኖሩን የማየው። የዚህኛው ንጹሕ ነው። ቁልፉ የራሱ ነው።

ከዚያ ወደ ምስማሮቹ ሄድኩ። እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው ምስማርን ነው። ምስማር ለማስመሰል የሚደክም ሰው ጥቂት ነው፣ ትኩረት የሚሰጠውም ብዙ የለም። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1890 ገደማ ድረስ የበዛው ከብረት ሰሌዳ እየተቆረጠ የሚሠራው፣ አራት ማዕዘንና ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄደው ምስማር ነው። ከዚያ በኋላ ከሽቦ የሚሠራው ክቡ ምስማር ገበያውን ያዘው። ዛሬ የምናውቀው ማለት ነው። ችግሩ ከውጭ የሚታየው የምስማሩ ራስ ብቻ ነው፣ ገላው አይታይም። የሳጥን ሠሪዎች ሥራ እዚህ ላይ ይረዳል። ምስማሩን ሲመቱ ጫፉ ከውስጥ ብረት ላይ እንዲያርፍና እንዲታጠፍ ያደርጉታል። እንዳይነቀል ነው። ስለዚህ የውስጡ ወረቀት በተላጠበት ቦታ የታጠፈውን ጫፍ ማየት ይቻላል። ባትሪዬን አስጠግቼ አየሁ። ሁሉም ክብ ናቸው። ጥገና ያልነካው፣ አሮጌው ወረቀት እንደተለጠፈበት ያለው ጥግ ላይ ያሉት ሳይቀሩ።

ስለዚህ ሳጥኑ የ1870ዎቹ የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው። እኔ ደብተሬ ላይ “1890ዎቹ፣ ምናልባት ትንሽ ቆይቶ” ብዬ ጽፌያለሁ። ሃያ ዓመት ወጣት ሆነ ማለት ነው። ቅር አላለኝም። ሳጥንን ከትክክለኛ ዕድሜው በላይ ማስረጀት ክብር መጨመር አይመስለኝም። የሌላ ሰው ታሪክ መለጠፍ ነው።

ብዙ ሰው ዕድሜን በክዳኑ ቅርጽ ይገምታል። ጉብ ያለ ክዳን ከሆነ አሮጌ፣ ጠፍጣፋ ከሆነ አዲስ ይላል። መነሻው እውነት አለው። ጉብ ያለው ክዳን የዝናብ ውኃ እንዲፈስለት ይመቻል። ከላዩ ግን ሌላ ሳጥን አይደረደርበትም። ባቡርና የእንፋሎት መርከብ ሲበዙ ይህ ትልቅ ጣጣ ሆነ። ፈረንሳዊው ሳጥን ሠሪ ሉዊ ቪተን በ1854 ፓሪስ ውስጥ የራሱን ሱቅ ከፈተ። በ1858 ደግሞ ጠፍጣፋ ክዳን ያለው፣ በግራጫ ሸራ የተለበጠ ሳጥን አወጣ። ቀላል፣ ውኃ የማያስገባ፣ ተደርድሮ የሚጫን። ግን ጉብ ያለው በማግስቱ አልጠፋም። በተለይ አሜሪካ ውስጥ እስከ ክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ድረስ ሁለቱም ጎን ለጎን ተሠርተዋል። ቅርጽ ብቻውን ምስክር አይሆንም።

የቪተንን ሳጥኖች ማንሳቴ ካልቀረ፣ በጨርቃቸው ዕድሜያቸውን መለየት እንዴት ደስ እንደሚል ልንገራችሁ። ግራጫው ሸራ ወዲያው ተኮረጀ። በ1872 ባለ መስመር ሸራ መጣ፣ እሱም ተኮረጀ። በ1888 ዳማ ሰሌዳ የሚመስለው ወጣ። ሉዊ በ1892 ከሞተ በኋላ ልጁ ጆርጅ በ1896 የአባቱን ስም የመጀመሪያ ፊደላት ከአበባ ጋር ያጣመረውን ንድፍ አመጣ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው እሱን ነው። አስመሳዮች ባይኖሩ ኖሮ ይህን የመሰለ መሰላል አናገኝም ነበር። እነሱን ለማምለጥ ሲባል በተቀየረ ቁጥር ለእኛ አንድ ቀን ተጻፈልን። በቪተን ሳጥን ውስጥ የሚለጠፈው ወረቀትና ተከታታይ ቁጥሩም ትልቅ እገዛ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ገዝቼ አላውቅም። ያየኋቸውን ግን እስካሁን አስታውሳለሁ።

ወደ ሳጥኔ ልመለስ። በጎኑ፣ ከመያዣው በታች፣ ግማሹ የተቀደደ የመርከብ ወረቀት ተለጥፏል። የሚነበበው “ኩናርድ ዋይት ስታር” የሚለው ነው። ሳየው ልቤ ዘለለ። ኩናርድና ዋይት ስታር ለብዙ ዘመን የሚፎካከሩ የመርከብ ድርጅቶች ነበሩ። የተዋሐዱት በ1934 ነው። የሁለቱ ስም አንድ ላይ የተጻፈበት ወረቀት ከዚያ በፊት ሊለጠፍ አይችልም። በ1890ዎቹ የተሠራ ሳጥን ከ1934 በኋላም ውቅያኖስ አቋርጧል ማለት ነው። አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው ይህ ወረቀት የተለጠፈበት። ምናልባት የያዘው የመጀመሪያው ባለቤት ሳይሆን ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ይሆናል።

የጉዞ ወረቀቶች እንዲህ ናቸው። የከተማ ስም እንኳ ቀን ይናገራል። ፔትሮግራድ የሚል ካለ ከ1914 እስከ 1924 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ሴንት ፒተርስበርግ፣ ከዚያ በኋላ ሌኒንግራድ ነበረች። ቆስጠንጢንያ የሚል ካለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ1930 በፊት ነው፤ በዚያ ዓመት ቱርክ ዓለም ኢስታንቡል ብሎ እንዲጠራት ጠይቃለች። እና ሰው ይህን ወረቀት በሙቅ ውኃና በሳሙና ፈትጎ ያነሳል! ሳጥኑ “ንጹሕ” እንዲሆን። አንጀቴ ነው የሚቃጠለው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ ሥራው የምገባው።

መጀመሪያ ጤና። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ደማቅ አረንጓዴ ወረቀትና ቀለም አርሴኒክ የሚባል መርዝ ሊኖርበት ይችላል። አሮጌ ቀለም ደግሞ እርሳስ (ሊድ) የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አደርጋለሁ፤ አሮጌ ቀለምንም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አልፍቅም። አቧራው ሳንባ ይገባል። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ይህ ሥራ ከመኖሪያ ክፍል ውጭ መሆን አለበት።

ሽታው ትዕግሥት ይፈልጋል። ሻጋታ የሚኖረው እርጥበት ስላለ ነው፤ እርጥበቱን ካላጠፉ ሽቶ ማርከፍከፍ ዋጋ የለውም። ክዳኑን ከፍቼ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ውስጥ አቆየዋለሁ። ኃይለኛ ፀሐይ ወረቀቱን ያደበዝዛል፣ ቆዳውንም ያደርቃል። የደረቀውን ሻጋታ ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ አራግፋለሁ። የውስጡ ወረቀት ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ባዶ እንጨት በቀረበት ቦታ ደግሞ ስስ ሼላክ እቀባለሁ። ሼላክ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ በአልኮል ሟሙቶ የሚሠራ ነው። ሽታውን እንጨቱ ውስጥ ይዘጋዋል። ነገ ሌላ ሰው ልክ አይደለም ቢል በአልኮል መልሶ ሊያነሳው ይችላል። ለወረቀትም ያው ነው። የተላጠውን የምለጥፈው በስንዴ ስታርች ሙጫ ነው፤ በውኃ ይለቃል። የማይመለስ ነገር ሳጥኑ ላይ ማድረግ አልፈልግም።

ዝገቱን በኃይለኛ አሲድ አልነክረውም፣ በማሽንም አላስፈገፍገውም። የቆርቆሮው አበቦች ላይ የቀረው ቀለም አብሮ ይሄዳል። በቀጭን የብረት ሽቦና በትንሽ ዘይት ልል የሆነውን ዝገት ብቻ አነሳለሁ። ከዚያ ዘይቱን በደንብ ጠርጌ ሰም እቀባለሁ። ብረቱ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ይቀራል። እንደ አዲስ አያብረቀርቅም፣ እንዲያብረቀርቅም አልፈልግም። አንዳንዱ እስከ ባዶ እንጨቱ ገፍፎ በላዩ ወፍራም ቫርኒሽ ይቀባበታል፣ ውስጡን በአዲስ ጨርቅ ይሸፍነዋል። ያምራል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ሳጥን ፊት ስቆም የምጠይቀው አጣለሁ። ምስማሩ ተቀይሯል፣ ወረቀቱ የለም፣ ቀለሙ የለም። ከየት መጣህ ቢባል ምን ይመልሳል?

ቆዳው ሌላ ፈተና ነው። የድሮ ቆዳ በተክል ጭማቂ የተለፋ ከሆነ፣ የድንጋይ ከሰል ጭስ ባለበት አየር ብዙ ዓመት ሲቆይ ድኝ ይመጥጣል። ድኙ ውስጡ አሲድ ይሆናል። ከዚያ ቆዳው ቀይ ዱቄት ሆኖ እጅ ላይ ይቀራል። ይህ ድርቀት አይደለም። ስለዚህ ዘይት ማጠጣት አይፈውሰውም፤ ያጠቁረዋል እንጂ። ሃይድሮክሲፕሮፒል ሴሉሎስ የሚባለውን በአልኮል አሟሙቶ መቀባት ዱቄቱን ባለበት ያረጋዋል። የሞተውን አያስነሳም። መርገፉን ግን ያቆመዋል።

የዚህ ሳጥን አንዱ የቆዳ መያዣ እንዲህ ሆኖ ተበጣጥሷል። ሌላኛው ግን የራሱ አይደለም። አንድ ሰው፣ መቼ እንደሆነ አይታወቅም፣ የሱሪ ቀበቶ ቆርጦ በቦታው ሰፍቶታል። የዘለበቱ ቀዳዳዎች አሁንም ይታያሉ። ስፌቱ የባለሙያ አይደለም፤ ግን ጠንካራ ነው። ክሩ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ሳጥን የሚሰበስቡ ወዳጆቼ “አውጣው፣ ሁለቱንም ጥንድ አድርገህ በአዲስ ቆዳ ሥራቸው” ብለውኛል። ከሥራው ጥራት አንጻር እውነት አላቸው። ሁለቱ ጎኖች አይመሳሰሉም።

እኔ ግን ቀበቶውን አላወጣውም። ምናልባት ያ ሰው ነው መርከብ ላይ የጫነው። ሰው ሳጥኑን ሊጥለው ሲችል፣ አዲስ ሊገዛ ሲችል ወይም ሳይችል ቀርቶ፣ ወገቡ ላይ የነበረውን ቀበቶ ሰጠው። ይህ ፋብሪካው ከሠራው ያልተናነሰ የሳጥኑ አካል ነው። የተበጣጠሰውን ብቻ በአዲስ ቆዳ እተካለሁ። አዲሱን በጭስም ሆነ በቀለም አላስረጀውም። ውስጠኛው ፊቱ ላይ የተሠራበትን ዓመት በእርሳስ እጽፍበታለሁ፤ ወደፊት የሚይዘው ሰው ከአሮጌው ጋር እንዳያምታታው። የወጣውን ስባሪ ከነምስማሮቹ በወረቀት ጠቅልዬ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

ነገ ቆዳውን እቆርጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን የተበጣጠሰውን መያዣ የያዘችው አሮጌ ምስማር ጫፍ ከውስጥ ቀና መደረግ አለባት፤ በጉልበት ከተሳበች ጣውላውን ትሰነጥቀዋለች።