ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ ወዳጆቼ! ጾሙን በሰላም ፈታችሁ? ደሴ ከሌሊት ጀምሮ ቅቤ ቅቤ ትሸታለች።

እኛ ቤት ዶሮው ደርሷል፤ ቆርሶ የሚያጎርሰን ግን የለም። አባባ ጥር ላይ አረፈ። ያለ እሱ የመጀመሪያው ፋሲካችን ነው።

አባባ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሲመላለስ የኖረ ሹፌር ነበር። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ግን ያውቀዋል፤ ጉም ሲወርድ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ ምንም አይታይም። ልጅ ሆኜ ጋቢና ከጎኑ ተቀምጬ ዓይኔን እጨፍን ነበር። እሱ መብራቱን አብርቶ፣ ማርሹን ቀንሶ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። አንድ ቀን "አባባ፣ ሳይታይህ አትፈራም?" አልኩት።

"ጉም ስለወረደ ኮምቦልቻ ከቦታዋ ትሄዳለች እንዴ?" አለኝ።

ባለፈው ክረምት ሕመሙ ሲጠናበት ጭንቀት እንቅልፍ ነሳኝ። የመድኃኒቱ፣ የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት። በ2014 ከደሴ ከተሰደድን ወዲህ ደግሞ ትንሽ ኮሽ ሲል የምነቃ ሰው ሆኛለሁ። አንድ ሌሊት አልጋው ላይ ሆኖ ሲያየኝ ቆየና "አሁንም ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ?" አለኝ። ቀጥሎ "እኔ የምሄድበትን መንገድ ጌታ ቀድሞኝ ሄዶበታል። ሄዶም ተመልሷል" አለ። ከዚያ ዞሮ ተኛ።

ዛሬ ሌሊት መድኃኔዓለም ካህኑ "ሰላም" ሲሉ "እምይእዜሰ" ማለት አቃተኝ፤ እንባ ቀደመኝ። ከዛሬ ጀምሮ ማለት እኮ ነው። ዘይት ሲረክስ አይልም፣ ዕዳው ሲያልቅ አይልም። ደቀ መዛሙርቱም ፈርተው በር ዘግተው ሳለ ነው ጌታ መካከላቸው ቆሞ "ሰላም ለእናንተ ይሁን" ያላቸው። የችንካሩ ምልክት እጁ ላይ ነበር። የእኔም ሐዘን አልሻረም። ግን ከአርባው ወዲህ እንቅልፍ እየወሰደኝ ነው።

በሌሊት ድንኳን የተከላችሁልን የቅሬያችን፣ የዕድራችን ሰዎች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ጎረቤታችን ሐጂ፣ ሦስቱን ቀን ከድንኳኑ ሳይለዩ "አብሽሪ ልጄ" ያሉኝን አልረሳም፤ ዕድሜ ይስጥልኝ። ማታ ማታ እየመጣሽ መርፌውን ትወጊለት የነበርሽ ነርስ፣ አንድም ቀን ሂሳብ አልተቀበልሽኝም። አባባ ስምሽን በጸሎት ያነሳ ነበር፤ ይህን እንድታውቂው ነው የምጽፈው።

እናንተ ዘንድሮ ሰው ቀብራችሁ በዓል የደረሰባችሁ፣ ዛሬ "እንኳን አደረሳችሁ" መባል እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም እላችኋለሁ። እንኳን አደረሳችሁ።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ይዤ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ እወርዳለሁ። ሐረጎ ላይ ጉም አለ እያሉ ነው። ጋቢና እቀመጣለሁ።