ልጁ ሳይቀመጥ ሄደ

ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሬን ስከፍት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ድፍን ጥቁር እንኳ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከላይ በግራ ጥግ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሌላ ምንም የለም። ዊንዶውስ የለም፣ ፓስወርድ የሚጠይቅ የለም። ያቺ «አፕዴት እየተደረገ ነው፣ አታጥፉ» የምትለው ጽሑፍ እንኳ የለችም። ትናፍቀኛለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኜ ይዤ አጠፋሁት። መልሼ አበራሁት። ሰረዟ እዚያው ናት።

ማውሱን ነቀልኩ። ኪቦርዱን ነቀልኩ። የፕሪንተሩን ገመድም ነቀልኩ፤ ፕሪንተሩ በጉዳዩ እጁ ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም፣ ግን ድሮም አልወደውም። ያልነካሁት ትናንት የሰካሁትን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ብቻ ነው። ለምን እነካዋለሁ? ሰነዶቼ በሙሉ እሱ ላይ ናቸው። ሲ ድራይቭ ሞልቶ በቀይ ሲያስጠነቅቀኝ ከርሞ፣ ትናንት ሁሉንም ወደ እሱ አዛውሬ፣ ኮምፒውተሩን ከነሃርድ ዲስኩ አጥፍቼ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ሲሰካ ምንም አላለም። ንጹሕ ነበር።

ከዚያ በቢሮው ግሩፕ ላይ «ኮምፒውተሬ ሞተ» ብዬ ጻፍኩ። በአንድ ጊዜ ሁሉም ባለሙያ ሆነ። «ሪስታርት አድርገኸዋል?» አለች አንዷ። ሌላው ራሙን፣ ያቺን የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ አውጥተህ በላጲስ ጥረገው አለኝ። አንዱ ደግሞ የማዘርቦርዱ፣ የዚያ ሁሉ ነገር የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ፣ ባትሪ አልቆ ነው አለ፤ ያቺ ክቧ 2032፣ 3 ቮልት የምትሰጠው። እሷ ስትደክም እኮ ሰዓቱና ቀኑ ይዛባል፣ የተስተካከለውም ነገር ወደ ቀድሞው ይመለሳል እንጂ... ተዉት፣ ማን ይሰማኛል። የተቀሩት ሁሉ ያሉት አንድ ነገር ነው። «ፎርማት ይደረግ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልናገር። ይሄ ፎርማት የሚሉት፣ ዲስኩን ጠርጎ እንደ አዲስ መጀመር፣ ለምንድነው ሰው አፍ ላይ እንዲህ የሚቀለው? ዘገየ፣ ፎርማት። ድምፅ አልሰማ አለ፣ ፎርማት። ስክሪኑ ደበዘዘ፣ ፎርማት። «ይደረግ» የሚለው ሰው ፋይሉ የጠፋበት ቀን ግን አጠገብህ አይገኝም።

በመጨረሻ የአይቲው ልጅ «መጣሁ» ብሎ ጻፈልኝ። ተዘጋጀሁ። ጠረጴዛውን ወለወልኩ። ወረቀቶቹን ሰበሰብኩ። የበሽታውን ሁኔታ ከመጀመሪያው ጀምሬ በወረቀት ላይ ጻፍኩለት። ከስብሰባ አዳራሹም ደህናውን ወንበር አመጣሁ፤ ጀርባው ያልተሰበረውን፣ ጎማዎቹ በሙሉ የሚዞሩትን።

ልጁ ስልክ እያወራ ገባ። ስክሪኑን አየ። ጎንበስ ብሎ ከኋላ ተመለከተ። የሃርድ ዲስኩን ገመድ በሁለት ጣቱ ነቀለው። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው። ዊንዶውስ መጣ። «ጋሼ፣ እሱ ተሰክቶ ስለነበር ነው» አለኝና ወጣ። ስልኩን አላቋረጠም። ያኛው ወገን በመሃል እኔ እንደነበርኩ እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም።

«ጋሼ» ማለቱን ይቅር ብዬዋለሁ። የማልረሳው አለመቀመጡን ነው።

ወንበሩ እኮ እዚያው ነበር! ጎማ አለው፤ በእግሩ ገፋ ቢያደርገው ራሱ ይመጣለት ነበር። ቁጭ ብሎ አገጩን ቢያሻሽ ምን ይጎድልበታል? «ከባድ ነው» ባይል እንኳ «እህ» ቢል? የግማሽ ቀን ሥራዬን ያቆመ፣ ግሩፑን በሙሉ ያስጨነቀ ችግር ነው፤ ቆሞ የሚፈታ መሆን አልነበረበትም። አሁን አሁን ሌሊት ስነቃ በሃሳቤ አስቀምጠዋለሁ። ይቀመጣል። የጻፍኩለትን ወረቀት ያነባል። ራሱን ይነቀንቃል። ከእሱ የበለጠ ባለሙያ ዘንድ ይደውልና ይከራከራሉ። ከዚያ ላቡን ጠርጎ «እንደዚህ ዓይነት ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም» ይለኛል። ያኔ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ደግሞ ጥፋቱ የማን ነው? ገብቼ አነበብኩ። ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስ አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ባዮስ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ በአዳዲሶቹ ላይ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ራሙንና ኪቦርዱን ይፈትሽና «ከየት ልነሳ?» ብሎ የተሰጠውን ተራ ያያል። በእኔ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አንደኛ ተራ የተሰጠው ለዩኤስቢ ነው። ስለዚህ ሆዱ ውስጥ ያለውን ዊንዶውስ ትቶ ትናንት የመጣውን ሃርድ ዲስክ ይጠይቃል። በራሱ ቤት ቆሞ እንግዳውን «መኝታ ቤቴ በየት በኩል ነው?» እንደሚል ሰው።

የሚያናድደው እንዴት እንደሚታለል ነው። የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ብቻ ያነባል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች 55 እና ኤኤ ከሆኑ «በቃ፣ መነሻው ይሄ ነው» ብሎ ራሱን አሳልፎ ይሰጣል። ሁለት ባይት! ያ ምልክት ደግሞ ዊንዶውስ በሌለበት፣ የእኔ ፎቶና የድሮ ሪፖርት ብቻ ባለበት ዲስክ ላይም ይገኛል። የሚያስነሳው ነገር ሲያጣ ወደ ተራው መመለስ ሲገባው ሰረዟን አብርቶ ዝም ይላል። ትናንት ምንም ያላለው ሲሰካ ዊንዶውስ አስቀድሞ ተነስቶ ስለነበር ነው። እኔ ይሄን ከየት አውቄ? ተራውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

ማስተካከያው ቀላል ነው ተብሏል። ባዮስ ውስጥ ገብቶ የውስጡን ዲስክ ወደ ላይ፣ ዩኤስቢን ወደ ታች ማድረግ። መግባቱ ነው ጉዱ። አንዱ አምራች ኤፍ 2 ይላል፣ ሌላው ኤፍ 10፣ ሌላው ዲሊት፣ ሌላው ኢስኬፕ። ኤፍ 12ን የሚሉም አሉ፤ እሱ ብዙ ጊዜ ለዚያች አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ምርጫ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግረው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይመጣል፤ አንብቤ ሳልጨርስ ይጠፋል። ሁሉንም ቁልፎች በሁለት እጄ እየደበደብኩ ገባሁ። ማውስ አይሠራም፣ በቀስት ብቻ ነው የሚኬደው። ትንፋሼን ውጬ ዩኤስቢን ወደ ታች አወረድኩት፣ ሴቭ አድርጌ ወጣሁ። አሁን ሃርድ ዲስኩ እንደተሰካ ይነሳል። ግሩፑ ላይ ብጽፍ ማንም ምንም አላለኝም። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲያልቅበት ግን «ሃርድ ዲስኩን ነቅለኸዋል?» ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት የሂሳብ ክፍሏ ባልደረባችን ኮምፒውተሯ አልገባ አላት። ልጁ ተጠራ። በመስታወቱ በኩል አየዋለሁ። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ወንበር ሳበ። ተቀመጠ! ብዙ ቆየ፤ አገጩን ሁሉ አሻሸ። እስኪወጣ ጠብቄ ሄድኩና ምን ሆኖ እንደነበር ጠየቅኳት።

«ካፕስ ሎክ በርቶ ነው አሉ» አለችኝ።